ጭሷን የተወች መኪና

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የፋብሪካው አዳራሽ ውስጥ በለስላሳና በዳቦ ተሸኘሁ። ኃላፊዎቹ ተራ በተራ እየተነሡ ስለ ጠቀለልኋቸው ሞተሮች፣ ስለ ዘረጋኋቸው መስመሮች፣ መብራት ሲጠፋ ከቤቴ እየተጠራሁ ስለ መጣሁባቸው ጊዜያት መልካም መልካሙን ተናገሩ። የግድግዳ ሰዓትም ሸለሙኝ። ስለ መኪናዋ ግን ማንም አላነሣም። ሊያነሡም አይገባም፤ የፋብሪካው ሥራ አልነበረችም። እኔ ግን «የሥራ ዘመንሽ ምን ነበር?» ብባል ቀድማ በዐይኔ ላይ የምትመጣው እሷ ናት። እሷና እሷን እንድሠራ ያደረጉኝ ሰው፣ ጋሼ አበጋዝ።

ስሜ ዘሐራ ነው። ሐርቡ ተወልጄ አደግሁ። አባቴ የአንድ የፍራፍሬ እርሻ የውሃ ፓምፕ ጠባቂ ስለነበር ሞተር ሲነሣና ሲጠፋ እየሰማሁ ነው ነፍስ ያወቅሁት። ኋላ ደሴ አክስቴ ዘንድ ገብቼ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ኤሌክትሪክ ተማርሁ። ደርግ ወድቆ ኢሕአዴግ በገባ ሰሞን፣ ሰው ሁሉ ነገ ምን ይመጣ ይሆን እያለ ሲጠባበቅ፣ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ሞተር የሚጠቀልል ሰው እንደሚፈልግ ማስታወቂያ ለጠፈ። ተፈተንሁና አለፍሁ። ሥራው የተቃጠለውን የኤሌክትሪክ ሞተር ሆዱን ከፍቶ፣ ያረረውን የመዳብ ሽቦ አውጥቶ፣ አዲስ ጠቅልሎ፣ እንዳይገናኝ ቫርኒሽ አጠጥቶ ማስነሣት ነው። ደመወዙ ብዙ አይወራለትም፤ ቤት ግን አቆመልኝ።

የመጀመሪያው አለቃዬ ክፉ ሰው አልነበሩም። ብቻ የሴት ልጅ እጅ ቫርኒሽ ሲነካው ማየት አልለመዱም። «አንቺ ልጅ፣ ጽሕፈት ቤት ይሻልሽ ነበር» ይሉኝና ቀላል ቀላሉን ሥራ፣ አምፖል መቀየሩን፣ ማብሪያ ማጥፊያ መጠገኑን ይሰጡኛል። ከዚህ ያወጣኝ የፋብሪካው ጄኔሬተር ነው።

በዚያን ጊዜ መብራት በየጊዜው ይጠፋል። ከፋብሪካው ጀርባ አንዲት ዝቅ ያለች የድንጋይ ክፍል ውስጥ ትልቅ የናፍጣ ጄኔሬተር ነበረን፤ መብራት ሲሄድ ይኸው ነው የሚሸከመን። የጄኔሬተር ክፍሉና የጋራዡ ኃላፊ ጋሼ አበጋዝ ነበሩ። ከናፍጣ ሞተሩ ወዲህ ያለው የኤሌክትሪክ ክፍል ዘንጉ የሚዞርበት ኩሺኔታ እየተበላ አስቸገረ። ይቀየራል፣ ትንሽ ይሠራል፣ ደግሞ ይጮኻል። አለቃዬ ሰለቻቸውና እኔን ላኩኝ።

እኔም ደረስሁና ካቻቢቴዬን ይዤ ልፈታው ጎንበስ አልሁ።

«ቆይ» አሉኝ ጋሼ አበጋዝ። ቀጠን ያሉ፣ ቱታቸው ሁልጊዜ የታጠበ ሰው ነበሩ። «እጅሽን ታጥበሻል?»

«ሊቆሽሽ አይደል እንዴ፣ ጋሼ?»

«ሲጨርስ ይቆሽሽ። ሲጀምር ግን ንጹሕ ይሁን። የቆሸሸ እጅ አይሰማም።»

ታጥቤ መጣሁ። መዳፌን ይዘው ሁለቱ ዘንጎች የሚገናኙበት ብረት ላይ አሳረፉትና ጄኔሬተሩን እንዲያስነሡት ለሠራተኛው ምልክት ሰጡ። «ምን ይልሻል?» አሉኝ። አንዳች ነገር በእያንዳንዱ ዙር ገፋ፣ ለቀቅ፣ ገፋ፣ ለቀቅ ያደርገኛል። ነገርኳቸው። ፊታቸው በራ። «ይኸውልሽ፤ ኩሺኔታው ምን አጠፋ? ሁለቱ ዘንጎች ፊት ለፊት አይተያዩም። አንዱ ሌላውን እየጎተተ ነው። የተጣሉ ባልና ሚስት መሐል ልጅ ቢያስቀምጡ ልጁ ነው የሚያልቀው።»

ያን ቀን ሙሉ የጄኔሬተሩን እግር ከሥሩ በቀጭን ቆርቆሮ እያነሣን፣ እየለካን፣ ደግሞ እያነሣን ዋልን። እኔ «ይሆናል» ስል እሳቸው «ይሆናል የሚባል ልክ የለም፤ ሆኗል ወይም አልሆነም» ይላሉ። ስንጨርስ የጄኔሬተሩ ድምፅ ተለወጠ። ኩሺኔታው ከዚያ በኋላ ዓመታት ቆየ። አለቃዬም ከዚያ ወዲያ አምፖል ቀይሪ አላሉኝም።

የጋሼ አበጋዝን ነገር ብጽፍ አያልቅም። አንድ ሞተር ሲፈቱ የወጣውን ብሎን ሁሉ አሮጌ አንሶላ ላይ እንደ ነበረበት ቅርጽ ይደረድሩታል፤ አንሶላውን ያየ ሞተሩን ያየ ነው። የመጣውን ሹፌር አይቆጡም። «አንተ ነህ አብረሃት የምትውል፤ ምን ሰማህ?» ብለው ይጠይቁና ተናግሮ እስኪጨርስ አያቋርጡትም። የናፍጣ መርጫ ሲከፍቱ አይናገሩም፤ ከተናገሩ ትንፋሽ አቧራ ያስገባል ይላሉ። ሰው ተሳስቶ ሲደነግጥ ደግሞ «አብሽር፣ ብረት ነው፤ ብረት ይቅርታ ያውቃል» ይላሉ። እኔንም ስንት ጊዜ «አብሽሪ» ብለውኛል።

ያ የድንጋይ ክፍል ግን እሳቸውን ይቅር አላለም። መስኮቱ ጠባብ ነው፤ የጭስ ማውጫው ቧንቧ ተሰንጥቆ ይጠገናል፣ ደግሞ ይሰነጠቃል። መብራት በፈረቃ በነበረባቸው ዓመታት እሳቸው ከዚያ ክፍል አይወጡም ነበር። መጀመሪያ ሳል መጣ። ቀጥሎ ደረጃ መውጣት አቃታቸው። ደሴ የመረመሯቸው ሐኪም ሳንባቸው እንደ ተጎዳ፣ ከእንግዲህ የናፍጣ ጭስ ካገኛቸው ለሕይወታቸው እንደሚያሰጋ ነገሯቸው። ጡረታቸውን ቀደም ብለው ወጡና ኮምቦልቻ ቤታቸው ተቀመጡ። ፋብሪካው ኋላ ጄኔሬተሩን ሰፊና ነፋስ የሚያገኘው ቤት ሠርቶለታል፤ ለሳቸው ግን ዘገየ።

አሁን ስለ ሐጂ ሳልህ ልንገራችሁ። ሐጂ ሳልህ የጋሼ አበጋዝ የልጅነት ጓደኛ ናቸው። ደሴ ከፒያሳ ዝቅ ብሎ ጋራዥ አላቸው፤ አያታቸው ከየመን መጥተው ደሴ የቀሩ ነጋዴ ነበሩ። ሁለቱ በወጣትነታቸው በአንድ ጋራዥ ሥራ ተምረው፣ አንዱ ኮምቦልቻ አንዱ ደሴ ቢሆኑም በየሳምንቱ ሳይገናኙ አይቀሩም ነበር። ጋሼ ሲታመሙ ሐጂ ይወርዱ ነበር። ኋላ ግን ስኳር በሽታ የሐጂን እግር አስቆረጠ፤ ቁስሉ አልድን ስላለ ሐኪም ሩቅ መንገድ ከለከላቸው። ጋሼ ደግሞ አንድ ጊዜ በሚኒባስ ሊወጡ ሞክረው ከኮምቦልቻ ደሴ በሚያወጣው የሐረጎ ዳገት ላይ ከከባድ መኪና ኋላ ሲያዘግሙ ታፍነው መሐል መንገድ ላይ ወረዱ። ከዚያ በኋላ የቀራቸው ስልክ ነው።

«አንተ ውረድ!» ይላሉ ጋሼ።

«በምን እግሬ? አንተ ውጣ እንጂ!» ይላሉ ሐጂ።

«በምን ሳንባዬ?»

ይሳሳቃሉ። ስልኩ ሲዘጋ ግን ጋሼ አበጋዝ ከእጃቸው ሳያስቀምጡት ወደ ሐረጎ ዳገት ያያሉ። ባለቤታቸው እትዬ ብርቄ ይህን አይወዱትም ነበር።

በጋሼ ግቢ ውስጥ አንዲት አሮጌ ላንድክሩዘር ፒካፕ ቆማለች። ፋብሪካው በጨረታ ሲያስወግዳት ገዝተው፣ አድሰው፣ ከዳር እስከ ዳር ወሎን የዞሩባት መኪና ናት። ቢስቲማ ድረስ በክረምት ጭቃ ወስዳ የመለሰቻቸው ናት። አሁን ግን ሞተሯ በተነሣ ቁጥር ሳላቸው ስለሚነሣ ቁልፏን እትዬ ብርቄ ደብቀውታል። የሌላ መኪና ጭስ መስኮት ዘግቶ፣ መንገዱ ጭር ያለበትን ሰዓት መርጦ ማለፍ ይቻላል። የራሷ ግን ከእግር ሥር ነው የሚነሣው።

አንድ ቅዳሜ ልጠይቃቸው ሄድሁ። ተቀምጠው መኪናዋን ያያሉ።

«ዘሐራ» አሉኝ፣ «ያ የመጋዘኑ ፎርክሊፍት፣ የባትሪው፣ ጭስ አለው?»

«የለውም፣ ጋሼ።»

«ዕቃ ያነሣል?»

«ከአንድ መኪና የሚከብድ ያነሣል።»

«ታዲያ የኔዋ ለምን ጭስ ይኖራታል?»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

በዚያው ሰሞን ፋብሪካው ሁለት አሮጌ ፎርክሊፍቶች ከነባትሪያቸው በጨረታ ሊሸጥ ነበር። የጥገና ኃላፊያችን ኢንጂነር ሰሎሞን ወጣትና የተማረ፣ ሥራውንም የሚያውቅ ልጅ ነው። አሳቡን ስነግረው አልሳቀብኝም። ወረቀት አውጥቶ የመኪናዋን ክብደትና የዳገቱን ነገር ጠየቀኝ፤ አሰላ። «እትዬ ዘሐራ፣ ሜዳ ላይ ትሄዳለች። ግን ይህ ሞተር የተሠራው ለሲሚንቶ ወለል ነው። ትንሽ ሠርቶ ትንሽ የሚያርፍ ነው። ሐረጎ ረጅም ነው፤ ሙቀቱን ፍሩት» አለኝ። ፈርተነዋል፤ የሚበቃውን ያህል ግን አልፈራነውም።

ፎርክሊፍቶቹን ጋሼ ገዙ። ሥራው በቅዳሜና በእሑድ በግቢያቸው ተጀመረ። መጀመሪያ የናፍጣ ሞተሩ መውጣት ነበረበት። የናፍጣው ሽታ እንዳያገኛቸው ጋሼ በረንዳው ጥግ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ አፍና አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍነው ከሩቅ ያዝዙኛል። ከመፍታታችን በፊት አንድ ነገር አሉኝ፤ ከሥራ ዘመኔ ሁሉ የጠቀመኝ እሱ ነው።

«ሞተር ብቻውን አይወጣም። አብሮት ማን ማን እንደሚወጣ አስቢ።»

አሰብሁ። መሪውን የሚያቀለው ፓምፕ የሚዞረው በሞተሩ ቺንጊያ ነው፤ እሱ ይወጣል። ቁልቁለት ላይ የነዳጅ መርገጫው ሲለቀቅ መኪናን የሚይዛት የሞተሩ ጉልበት ነው፤ እሱም ይወጣል። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ፍሬኑ ነው። ፍሬን ሲረገጥ እግርን የሚያግዘው አየር የሚሳበው ከዲናሞው ኋላ በተገጠመች ትንሽ ፓምፕ ነው፤ እሷ ካልዞረች ፍሬኑ እንደ ድንጋይ ይደርቃል። ይህን ሳላስብ ብነዳት ኖሮ የመጀመሪያው ቁልቁለት የመጨረሻዬ ይሆን ነበር። ፓምፗን ከነዲናሞው ነቅለን ለብቻዋ ትንሽ ሞተር አደረግንላት። መሪውን ግን ጋሼ «በክንድ ይዙር፤ እኔም ድሮ በክንዴ ነው የተማርሁት» ብለው ተዉት።

የፎርክሊፍቱን ሞተር ከመኪናዋ ካምቢዮ ጋር ማገናኘት ዋናው ሥራ ነበር። መሐል የሚገባውን ወፍራም ብረት ኮምቦልቻ አንድ ቶርኖ ቤት አስቆረጥን። ሲመጣ ጋሼ ጨርቅ ይዘው ጠረጉት፣ በጣታቸው ዙሪያውን ዳሰሱት፤ «ይመለስ» አሉ። ተመለሰ። ደግሞ መጣ፤ «ይመለስ» አሉ። የቶርኖው ባለሙያ ተቆጥቶ ራሱ ይዞት መጣ። ጋሼ እጁን ይዘው ጠርዙ ላይ አሳረፉለት። ደግሞ ዳሰሰውና፣ «እውነትዎን ነው፣ ጋሼ» ብሎ ይዞት ተመለሰ። የመጨረሻው ሲገጠም ሁለቱ ዘንጎች እርስ በርሳቸው እንደሚተዋወቁ ሰዎች ተያዩ።

ባትሪው የኔ ሥራ ነበር። የፎርክሊፍት ባትሪ ብዙ ትንንሽ ባትሪዎች በአንድ የብረት ሳጥን ውስጥ ተያይዘው ነው። ከሁለቱ ሳጥን ገሚሱ ሞቷል። የእያንዳንዱን አሲድ እየለካሁ፣ እየሞላሁ፣ እያሠራሁ፣ ደግሞ እየለካሁ ደኅና ደኅናውን መረጥሁና አንድ ሳጥን አደረግሁ። ሳጥኑ ኋላዋ ላይ ሲጫን ፒካፗ ጎንበስ አለች፤ ባሌስትራ ጨመርንላት። ቀና አለች።

የመጀመሪያ ቀን ግቢ ውስጥ ሳንቀሳቅሳት እትዬ ብርቄ ጀርባቸውን ሰጥተው ልብስ ያሰጣሉ። ድምፅ የለ። ዘወር ሲሉ የመኪናዋ አፍንጫ ክንዳቸው ሥር ደርሷል።

«በስመ አብ! ማን ነው የሚገፋት?» አሉ ጮኸው።

«ማንም!» አሉ ጋሼ ከመሪው ኋላ። ከታመሙ ወዲህ እንደዚያ ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ወደ ሐርቡ መንገድ፣ ሜዳ ሜዳውን ወጣን። ጋሼ መስኮት ከፍተው ይነዳሉ። ሰው ቆሞ ያየናል፤ አህያ የሚነዱ ድምፅ ስለማይሰሙ መንገድ አይለቁም፣ ጋሼም ጥሩምባ አይነፉባቸውም፤ ከኋላቸው ቀስ ብለው ይከተላሉ። ያ ደስታ ነው ልባችንን ያሳበጠው። «ሐረጎን እንሞክር» አሉኝ አንድ ቀን። እኔም እሺ አልሁ።

የዳገቱን መጀመሪያ ቀጥ ብላ ወጣች። ጋሼ ቸኩለው ነበር፤ ሐጂን በስልክ «ዛሬ ምሳ ጠብቀኝ» ብለዋቸዋል። ዳገቱ እየከፋ ሲሄድ አንድ የማውቀው ሽታ መጣ። ሞተር የሚጠቀልል ሰው ይህን ሽታ በእንቅልፉም ያውቀዋል፤ የሚያርር ቫርኒሽ ነው። «ጋሼ፣ አቁሙ!» ከማለቴ በማርሹ ሥር ባለው ቀዳዳ ነጭ ጭስ ወደ ጋቢናው ገባ። ወዲያው ሳላቸው ተነሣ። ዋናውን ማጥፊያ ስቤ አጠፋሁ፣ የእጅ ፍሬኑን ያዝሁ፣ በሳቸው በኩል ዞሬ በክንዳቸው ጎትቼ አወጣኋቸው። መንገዱ ዳር ላይ ተቀምጠው አየር ለመሳብ ይታገላሉ፤ ከንፈራቸው ጠቆረ። በዚያ ላይ አንድ ከባድ መኪና ጭሱን ለቆብን አለፈ። ነጠላዬን ፊታቸው ላይ አልብሼ ቁልቁል የሚወርድ ሚኒባስ እጄን ዘርግቼ አስቆምሁ። ተሳፋሪዎቹ የፊቱን ወንበር ለቀው ተቀበሉን። አንዲት ሴት እስከ ኮምቦልቻ ድረስ ዱዓ እያደረጉ ጀርባቸውን አሹላቸው።

ሆስፒታል ገብተው ኦክስጅን ተደርጎላቸው ተኙ። እትዬ ብርቄ መጡ። አልጮኹብኝም። ፊት ለፊቴ ቆመው በለሆሳስ፣ «ዘሐራ፣ ጭስ የላትም ብላችሁኝ አልነበር?» አሉኝ።

ነጠላዬን ከአልጋቸው ላይ አንሥቼ ወጣሁ። 

መኪናዋን በሌላ መኪና አስጎትቼ ግቢ አስገባሁና ሸራ አለበስኋት። ለመሸጥም ቆርጬ ነበር። ቀናት አልፈው ልጠይቃቸው ሆስፒታል ብሄድ ጋሼ ኦክስጅኑን ከአፍንጫቸው ሳይነቅሉ በእጃቸው ጠሩኝና ጠጋ አልሁ። ስለ ራሳቸው የሚነግሩኝ መስሎኝ ነበር።

«የቱ ጋ ነው የጀመረው?» አሉኝ።

«ምኑ፣ ጋሼ?»

«መቃጠሉ። ክፈቻትና የመጀመሪያውን ቦታ ፈልጊ። መጨረሻው ሁሉ ጥቁር ነው፤ ምንም አይነግርሽም። መጀመሪያውን ፈልጊ።»

ሄጄ ከፈትኋት። እውነትም ሁሉ ጥቁር ነው። ሽቦውን አንድ በአንድ እያወጣሁ እስከ ውስጥ ስደርስ ግን አገኘሁት። ኤሌክትሪኩን ወደሚዞረው ክፍል በሚያስገቡት ካርቦኖች በኩል፣ የሞተሩ ዘንግ ላይ ያለችው ትንሽ ማራገቢያ አየር የማታደርስበት ጥግ ነው የጀመረው። ዳገት ላይ ሞተሩ ቀስ እያለ ይለፋል፤ ቀስ ሲል ማራገቢያዋም ቀስ ትላለች። በጣም አየር በሚያስፈልገው ሰዓት በጣም ትንሽ አየር ያገኛል ማለት ነው። ያረሩትን ሽቦዎች ይዤ ኢንጂነር ሰሎሞን ዘንድ ሄድሁ። አይቶ፣ «ፍሩት ብዬ ዝም አልሁ፤ እንዴት እንደምትፈሩት አልነገርኋችሁም» አለኝ። አብረን ተቀምጠን ስንት አየር እንደሚያስፈልግ አሰላልኝ፤ የሚመጥን ማራገቢያም አፈላለገልኝ። በራሱ ጉልበት የሚዞር፣ ሞተሩ ቀስ ቢልም እሱ ቀስ የማይል ነው።

አዲስ ጠቀለልሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ተጠንቅቄ የጠቀለልሁት ሞተር የለም። ሙቀት የሚችል ሽፋን ያለው ሽቦ አደረግሁ፤ ቫርኒሹን ደጋግሜ አጠጣሁና አደረቅሁ። የማርሹን ቀዳዳ በጎማ ደፈንሁ። ጋሼ ከሆስፒታል ወጥተው በርጩማቸው ላይ ተመለሱ። አንድ ነገር እሳቸው ጨመሩ፦ ለጭቃ የሚገባው የላንድክሩዘሯ ዝቅተኛ ማርሽ። «ከፎርክሊፍት ጉልበት አንጠይቅ፤ ትዕግሥት እንጠይቅ» አሉ። በዚያ ማርሽ መኪናዋ እንደሚራመድ ሰው ነው የምትሄደው፤ ሞተሩ ግን ሳይጨነቅ ይሽከረከራል።

የቀሩት እትዬ ብርቄ ነበሩ። ጋሼ ሲነግሯቸው እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ።

«እኔም እገባለሁ» አሉ። «ጭስ ከመጣ መጀመሪያ እኔ ልየው።»

እሑድ ማለዳ፣ ከባድ መኪኖች ሳይበዙ ተነሣን። እትዬ ብርቄ በመሐላችን ተቀምጠው እግራቸውን ሰብስበው ዐይናቸውን ማርሹ ሥር ተክለዋል። ዳገቱ ሲጀምር ጋሼ ዝቅተኛዋን ማርሽ አስገቡ። ሰው በእግሩ ቢሄድ ያልፈናል። መንገዱ ሰፋ ባለበት ሁሉ ጥግ ይዘን እንቆማለን፤ እኔ ወርጄ ሞተሩን በመዳፌ እዳስሳለሁ፤ ማራገቢያው ይነፍሳል፤ ሙቀቱ ሲበርድ እንቀጥላለን።

አንድ የጭነት ሹፌር አጠገባችን ቆሞ፣ «አሰላሙ አለይኩም! ምን ሆነችባችሁ?» አለ።

«ወአለይኩም ሰላም። ምንም አልሆነችም፤ እያረፈች ነው» አልሁት።

«ናፍጣ አልቆ ከሆነ ላካፍላችሁ?»

እትዬ ብርቄ በመስኮት ብቅ አሉና፣ «እሷ ናፍጣ ትታለች፤ መንኩሳለች» አሉት። ሹፌሩ ግራ ተጋብቶ፣ «እንግዲያው አላህ ያግዛት» ብሎ ሄደ።

ከላይ ስንደርስ ጉም ነበር። ቀዝቃዛው አየር በመስኮቱ ገባ። ጋሼ አበጋዝ በአፍንጫቸው ሳቡትና፣ «ብርቄ፣ ይህ ምን ይሸታል?» አሉ። «እርጥብ ሣር ነዋ» አሏቸው። «ይህን መንገድ ዕድሜዬን ሁሉ ወጥቼዋለሁ፤ ሣር እንዳለው አላውቅም ነበር» አሉ። እትዬ ብርቄ ዐይናቸውን ከማርሹ ሥር ያነሡት ያኔ ነው።

ደሴ ገብተን ወደ ሐጂ ሳልህ ጋራዥ ስንታጠፍ ሁልጊዜ ከሩቅ የሚሰማው ጩኸት የለም። ሐጂ በሩ ላይ በተሽከርካሪ ወንበራቸው ተቀምጠው፣ መካኒኮቹ ሁሉ በቱታቸው ቆመዋል። ግቢው ሙሉ መኪና ነው፤ አንዱም ሞተር አይሠራም። ሐጂ ለጓደኛቸው ሲሉ ከማለዳ ጀምሮ ሁሉንም አስጠፍተው ጠበቁን። ጋሼ ወርደው ተጠጉ። ጋሼ ጎንበስ ብለው ተቃቀፉና እንደዚያው ቆዩ።

«ምሳ ብለኸኝ እኮ ነበር» አሉ ሐጂ በመጨረሻ። «በረደ።»

ባትሪው ሊያልቅ ተቃርቦ ነበር። መሙያውን ጭነነው ስለመጣን ከጋራዡ ኃይለኛ መስመር ጋር አገናኘሁት።

«መቼ ነው የምንመለስ?» አሉ እትዬ ብርቄ።

«ሲሞላ» አልሁ።

«መቼ ነው የሚሞላ?»

«ነገ።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩና እንደ ልጅ ሳቁ። ከስንት ዓመት በኋላ በአንድ ጣሪያ ሥር አደሩ። እትዬ ብርቄ እንዳወሩ ነጋ አሉኝ።

ከዚያ በኋላም ደጋግመን ወጥተናል፤ ስንወርድም ፍሬኑ እንዳይግል እያሳረፍን ነው። በመጨረሻ ባትሪው አረጀ፤ ሌላ አላገኘንም። ጋሼም ሐጂም ዛሬ በሕይወት የሉም። አንዱ ከሞተ በኋላ ሌላው ብዙ አልቆየም። እኔ ግን መጀመሪያ ደሴ ያደርንበትን ሌሊት ማግስት ልንገራችሁና ላብቃ።

ጠዋት ሐጂ፣ «እስቲ ፒያሳን አዙረኝ» አሉ። ልጆቻቸው አንሥተው ጋቢናው ውስጥ አስቀመጧቸው። ጋሼ መሪውን ያዙ። እኔና እትዬ ብርቄ በሩ ላይ ቆመን እናያለን። ሐጂ ቆባቸውን አስተካክለው፣ ደገፍ ብለው ጥቂት ጠበቁ።

«በል አስነሣት እንጂ!» አሉ።

«ተነሥታለች» አሉ ጋሼ።

«ወላሂ አልተነሣችም!»

«ውጭውን እይ፣ ሳልህ። እየሄድን ነው።»

ሐጂ በመስኮት ብቅ ሲሉ የጋራዡ በር ወደ ኋላቸው ቀርቷል። መኪናዋ ድምፅ ስለሌላት መታጠፊያውን አልፈው ከዐይናችን ከጠፉ በኋላ እንኳ ከፒያሳ በኩል የሐጂ ሳቅ ይሰማን ነበር።